በወሰኑ ድንጋይ ውስጥ የቀረው ዛጎል

ባሕር አይቼ አላውቅም። ከጣና የሚበልጥ ውሃ አላየሁም፤ ጣናንም ሰው በልማድ ባሕር ይለዋል እንጂ ሐይቅ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን ግን የሠራሁት ባሕር ውስጥ ድንጋይና ኮራል ቦርቡሮ በሚኖር ዛጎል ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም በማስተምርበት ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል። አንድ የሂሳብ መምህር ከባጃጅ ስወርድ ባየኝ ቁጥር «መርከብህን የት አቆምካት?» ይለኛል። እስቃለሁ። ቀልድ አልጠላም። የምጠላው «ይህን ነገር ማን አስተማረህ?» ሲሉኝ ነው፤ ያስተማረኝ የቤታችን ደጃፍ ድንጋይ ነውና።

ያደግሁት ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚያወርደው በኩል ባለ ገጠር ነው። አገሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። የቤቱ መሠረት ጥቁር፣ የበረቱ አጥር ጥቁር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥቁር። የእኛ ደጃፍ ላይ ብቻ አንድ ነጣ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ድንጋይ ነበር። ላይኛው ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ጉድጓዶች ነበሩበት፤ አፋቸው የጠበበ፣ ሆዳቸው የሰፋ፣ ልክ ጠርሙስ ለሁለት ቢሰነጠቅ እንደሚታየው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ረዘም ያለ ባቄላ የመሰለ ነገር ተጣብቋል። እግሬን የምታጠበው፣ ራቴን ስጠብቅ የምቀመጠው እዚያ ላይ ነበር። ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ አባቴ «ከዓባይ በረሃ» አሉኝ፤ እሱ እውነት ነበር።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አንዷን ባቄላ በሚስማር ፈልቅቄ አወጣኋት። ግማሽ ነበረች፤ አንድ ጎኗ ጎባጣ፣ ሌላው ጎኗ ጎድጓዳ። ጀርባዋ ላይ ደግሞ የተሰበረና መልሶ የገጠመ የመሰለ ጠባሳ አላት። አባቴ ልጅ የማይመቱ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ሚስማሩን በእጄ አይተው በጥፊ አጮሉኝ። «ደጃፍ አይጎረጎርም። ሞት ትጠራለህ» አሉ። ወግ መሰለኝ። ዛጎሏን በባዶ የቅባት ቆርቆሮ ውስጥ ደብቄ አስቀመጥኳት፤ ከዚያ ወዲህ ከእጄ አልወጣችም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ አሮጌ መሳቢያ ሲከፈት ነው ምን እንደያዝኩ ያወቅሁት። አገራችን ባሕር በነበራት ጊዜ ከቀይ ባሕር ዳርቻ የተለቀሙ ዛጎሎች ነበሩበት፤ ወረቀታቸው ቢጫ ሆኖ፣ ቀለሙ ደብዝዞ። ከመካከላቸው አንዱ ቁራጭ ኮራል ውስጥ እንደ ተሸጎጠ ነበር። የእኔ ባቄላ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ስለ ስንዴ ዋግና ስለ ወባ ትንኝ ሲመርጡ እኔ ያንን መረጥኩ። አማካሪዬ «ሥራ አያስገኝልህም» ብለውኝ ነበር። አላስገኘልኝም፤ መምህር ነኝ።

ሳይንሱ ስሙን ከግሪክ ወስዶ «ድንጋይ በል» ብሎታል። ይህ ስም ማጥፋት ነው። ድንጋይ አይበላም። የሚበላው ውሃው ይዞለት የሚመጣውን፣ በዓይን የማይታየውን ነገር አጣርቶ ነው፤ ድንጋዩን የሚፈልገው ለቤት ነው። ገና አቧራ አህሎ ሳለ ከውሃው ጋር ይንሳፈፍና የኖራ ድንጋይ ወይም ኮራል ላይ ያርፋል። ከሰውነቱ በሚወጣ ክር ራሱን ያስራል። ከዚያ ኖራን የሚያሟሟ ዝልግልግ ፈሳሽ እያመነጨ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ውስጥ ይገባል። የራሱም ቅርፊት ኖራ ስለሆነ ፈሳሹ መልሶ እንዳይበላው ቡናማ ቆዳ ለብሷል። ባደገ ቁጥር ክፍሉን ያሰፋል፤ የገባበት በር ግን እንደ ጠበበ ይቀራል። ስለዚህ አይወጣም። በሕይወት ባለ ኮራል ውስጥ የገባው ደግሞ የባሰ ነው፤ ኮራሉ ዙሪያውን እያደገ በሩን ሊደፍንበት ስለሚመጣ፣ ዕድሜ ልኩን በሩ እንዳይዘጋ ሲታገል ይኖራል። ተማሪ ሳለሁ ይህን አንብቤ አዝኜለት ነበር። አሁን አላዝንለትም፤ ቢያንስ እሱ ሌላ ምርጫ የለውም።

ምደባው ራስ ምታት ነው። ቀድሞ ድንጋይ ውስጥ የተገኘ ቡናማና ረዘም ያለ ዛጎል ሁሉ በአንድ ወገን ታጉሮ ነበር። በኋላ ጀርባው ልሙጥ የሆነውን ለብቻ፣ ጭራው ላይ ኖራ የለጠፈውን ለብቻ አደረጉት፤ ከነዚህም ውስጥ ጫፎቹ እንደ መቀስ የሚጠላለፉ አሉ። ዲኤንኤ መመርመር ሲጀመር ሌላ ጣጣ መጣ። ድንጋይ የመቦርቦር ሥራ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየቅርንጫፉ ለየብቻ የተጀመረ ይመስላል፤ ስለዚህ ሁለት ቦርቧሪዎች ስለተመሳሰሉ ብቻ ወንድማማች ናቸው አይባልም። ድንጋይ በሆኑት በጥንቶቹ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። ቆዳቸው የለም፣ ዲኤንኤያቸው የለም፤ አንዳንዴ ዛጎሉም ሟሙቶ ቀዳዳው ብቻ ይቀራል። ሊቃውንቱ ለቀዳዳው ለራሱ የተለየ ስም ሰጥተውታል፤ ማን እንደሠራው ባይታወቅም ቀዳዳው ስም አለው።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ቦርቧሪው ሲሞት ባዶ ቤቱ ውስጥ የሚገባ ሌላ ዛጎል አለ። መቦርቦር አይችልም፤ ይገባል እንጂ። ተማሪው ቀዳዳ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ የቤቱ ባለቤት አድርጎ ይመዘግባል። መለያው ግን ቀላል ነው። ቦርቧሪው ቀዳዳውን በራሱ ልክ ይሠራል፤ ገቢው ራሱ በቀዳዳው ልክ እየተጣመመ ያድጋል። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር፤ ቆርቆሮዬንም ከፍቼ ያቺን ግማሽ ዛጎል በየወንበሩ አዞር ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

በእኛ በኩል ሁለት ጎረቤት ወሰን ሲተክሉ ከአገሩ ድንጋይ አይተክሉም። ጥቁር ድንጋይ ጥቁር ድንጋይን ይመስላላ፤ አንዱ ተነሥቶ ሌላው ቢተካ ማን ያውቃል? ስለዚህ ሩቅ ተሄዶ ሌላ መልክ ያለው ድንጋይ ይመጣል። ሁለቱም እጃቸውን ጭነውበት፣ ቄስ ባለበት፣ ላይነቅሉት ይማማላሉ። አባቴ ለሰው ሁሉ ወሰን የሚያስማሙ፣ ቃላቸው እንደ ማኅተም የሚቆጠር ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ሕፃን ሳለሁ መሬት ሲደለደል ከአዋሳኝ ጎረቤታችን ጋር የተማማሉበትን ድንጋይ ጎረቤታችን ራሱ ከዓባይ በረሃ በበቅሎ ጭኖ አመጣው። ወዲያው ሙሽራ አገባ። ብዙም ሳይቆይ ታምሞ ሞተ። ሙሽራይቱ ልጅ ሳትወልድ መሬቱን ይዛ ብቻዋን ቀረች።

እታለም ነበር የምላት፣ እንደ ታላቅ እህቴ። ከወንዝ ስትመለስ እሸት ትሰጠኝ ነበር፤ ጫማዬ ሲበጠስ የሰፋችልኝ እሷ ናት። መሬቷ የሚያዋስነን በወንዙ ዳር ነው፤ ያ ዳር ደግሞ በርበሬ የሚያበቅል፣ በበጋም ርጥበት የማይለየው ወፍራም አፈር ነው። ከላይ ያለው ተዳፋቱ ጭንጫ ነው። እኔ ሳውቅ ወንዝ ዳሩ በሙሉ የእኛ ነበር። የእሷ ጭንጫው። እንዲህ ሆኖ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር።

መሬት እንደገና በመሣሪያ ተለክቶ የይዞታ ደብተር ይሰጣል የተባለው በቅርቡ ነው። ባለሙያዎቹ መንገድ ሲከፈት እየመጡ፣ ሲዘጋ እየቀሩ፣ በመጨረሻ የእኛ ቀበሌ ደረሱ። ተዋሳኝ ሁሉ ካልፈረመ አይለኩም። አባቴ «ሰው ይሁነኝ» ብለው ስልክ አስደወሉልኝ፤ ቅዳሜ በማለዳ ከፍኖተ ሰላም ተሳፍሬ ቡሬ ወረድኩና በእግሬ ገባሁ። ስደርስ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንደኛው ቄስ፣ ወሰኑ ላይ ቆመዋል። እታለም ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጣለች። አልፈርምም ብላለች።

ቄሱ «ምን ጎደለብሽ? ድንጋዩ እንዳለ ነው» አሏት።

«ድንጋዩ ይኸው ነው አባ፤ ግን ሙሉው አይደለም» አለች። «ሙሽራ ሆኘ ስመጣ ከወንዝ ስመለስ እንስራዬን የማሳርፍበት እሱ ላይ ነበር። እንስራውም ይቀመጥ ነበር፣ እኔም ከጎኑ እቀመጥ ነበር። አሁን እንኳን እኔን እንስራውንም አይችል። ቦታውም ይኸ አልነበረም፤ ከወንዙ ዳር ነበር። ድንጋይ ያረጃል እንጂ ያንሳል?»

«እንግዲህ ወሰን በእንስራ ተለክቶ አያውቅም» አለ አንዱ ሽማግሌ። ሌሎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። በዘንጋቸው ተደግፈው ወንዙን ያያሉ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አልሽ?» አሏት ቄሱ።

«ለማን ልናገር አባ? ለወሰን ዳኛው?» አለችና በአገጯ ወደ አባቴ አመለከተች። ሳቁ ቆመ።

ቄሱ በዶማ ዙሪያውን አስቆፈሩ። ድንጋዩ እስከ እግሩ ሲገለጥ፣ በእኛ በኩል ያለው ፊቱ የተሰበረ መሆኑ ታየ። ጠፍጣፋ ነው። ጉድጓዶች አሉበት፤ ለሁለት የተሰነጠቁ። ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ በዚህ በቀዳዳ ድንጋይ አይደለም የተመረቅኸው? እስቲ እየው። ይኸ ድንጋይ ከሌላ የተከፈለ ነው ወይስ ተፈጥሮው?»

አባቴ ከኋላዬ «እንዳየኸው ተናገር፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ደህና ነበር። እስከ ዛሬ ያ ቃል ያናድደኛል። ድንጋይ ይናገራል ብለው ስላላሰቡ ይሁን፣ እኔን ስለተማመኑ፣ አላውቅም።

ተንበረከክሁና አፈሩን በእጄ ጠረግሁት። ከዳር በሁለተኛው ጉድጓድ ውስጥ ግማሽ ዛጎል ተጣብቋል። ቀኝ ክፋዩ ነው። ጀርባው ላይ፣ ከመሐል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የተሰበረና መልሶ የገጠመ ጠባሳ አለው። ዛጎሉ በሕይወት ሳለ አንድ ነገር ጠርዙን ሰብሮት፣ ጠግኖ እድገቱን ቀጥሏል። እንዲህ ያለ ጠባሳ ሁለት እንስሳ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይገኝም። ግራ ክፋዩ ፍኖተ ሰላም፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በቅባት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ባሏ ከሞተ በኋላ፣ መሬቱ በሐዘን ጦም ባደረበት ዓመት፣ አባቴ ድንጋዩን ነቅለዋል። ሙሉው ለአንድ ሰው አይነሣም። ስለዚህ ሰንጥቀውታል። ግማሹን ወደ ላይ፣ ወደ ጭንጫው አስጠግተው ተክለዋል። ሌላውን ግማሽ እዚያው ትተውት መሄድ አይችሉም፤ ያስጠይቃል። ቤት አምጥተው ደጃፍ አደረጉት። እኔም የሰው ወሰን ላይ ተቀምጬ አድጌ፣ ከሰው ወሰን በፈለቀቅኳት ዛጎል ተመርቄ፣ ለሰው ልጆች ስለ ቦርቧሪና ስለ ገቢ አስተምራለሁ።

አፌን ከፈትሁ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ሕሊናዬን የሚቆረቁረው ይኸ ነው። «እንዲህ ያለ ቀዳዳ ያለበት ድንጋይ ዓባይ በረሃ ሞልቷል» አልኩ። «ጥንት ባሕር ሳለ ዛጎሎች የቦረቦሩት ነው። የኖራ ድንጋይ በቀዳዳዎቹ መስመር በራሱ ጊዜም ይሰነጠቃል። የተሰበረ ፊት ስላለው ብቻ ሌላ ግማሽ አለው፣ ያም ከዚህ ተወሰደ ማለት አይቻልም። ቀዳዳ ውስጥ የተገኘም ሁሉ ቀዳዳውን የሠራው አይደለም፤ በሳይንስ ትልቁ ስሕተት ይኸ ነው።» ረዘም አድርጌ ተናገርኩ። የላቲን ስም ሁለት ጊዜ ጠራሁ። እየተናገርኩ በሰንጢዬ ጫፍ ዛጎሉን ፈልቅቄ መሐረቤ ውስጥ አደረግሁት። «ለትምህርት ይሆነኛል» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

«የተማረ ይግደለኝ» አሉ ቄሱ።

የደጃፋችንን ድንጋይ ስታየው የኖረችው እታለም ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ብዙ ነው? እንዲህ ያለ ድንጋይ?»

«ብዙ ነው እታለም።»

«እሺ» አለች። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ባለሙያው ያቀረበላት ወረቀት ላይ በጣቷ ፈረመች።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልናገር። እንደምትጠላኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሰው የገዛ ድንጋዩን ያውቃል፤ በልቧ «የአባቱ ልጅ፣ ውሸታም» ብላ ትሄዳለች፣ እኔም ያንን ጥላቻ ተሸክሜ እኖራለሁ ብዬ ነበር። ጥላቻዋ እንደ ቅጣት ሆኖ ዕዳዬን ያቃልልልኛል ብዬ ሳላሰላ አልቀረሁም። ታምነኛለች ብዬ አላሰብኩም። የእኔ ጥፋት ከመዋሸቴ ይልቅ እዚህ ላይ ነው የከፋው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ቆርቆሮውን ከፈትሁ። ቀኝን በግራ ላይ ገጠምሁት። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረም፤ ጠባሳው ከጠባሳው ጋር ገጠመ። ለቅጽበት ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ግማሽ ሆኖ የኖረ ዛጎል በእጄ ሙሉ ሆነ፤ እንደ ማንኛውም የዚህ ሙያ ሰው ደስ አለኝ። ከዚያ ደስታዬ ራሱ አስጠላኝ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ዛጎሏን ክፍል ውስጥ አላዞርም። ተማሪዎቹ በሥዕል ይማራሉ።

በቀጣዩ ክረምት አባቴ ታመሙ። ሐኪም ቤት ሰንብተው፣ ተስፋ የለውም ሲባል ወደ ቤት ተመለሱ። ልጠይቃቸው በሄድኩበት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከአልጋቸው ሆነው ደጃፉን ሲያዩ ቆዩ። «ያቺን ድንጋይ ብታነሷት» አሉ። «ሰው ታደናቅፋለች።»

«አባዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ማንን አደናቅፋ ታውቃለች?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«እኔን» አሉ።

ሁለታችንም እንደምናውቅ አወቅን። አሁን ብትጠይቁኝ፣ ያን ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ «ለእሷ እንንገራት» ብል ኖሮ እሺ ይሉኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። አላልኩም። ጾም ሲገባ ሞቱ። አስከሬናቸው በዚያው ድንጋይ ላይ ተሻግሮ ወጣ። ከአርባቸው በኋላ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን ድንጋዩን ገለበጥነው። ጫፉ ላይ የመዶሻው ምት በረድፍ ይታያል። ወንድሜ ልብ አላለውም፤ የበረት ግድግዳ ውስጥ ከተተው። የመሬቱም ደብተር በእሱ እጅ ገባ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ወንድሜ ደግሞ ሞኝ እንኳ አይደለም።

እታለምን ከቀብሩ ወዲህ እንደገና ያየኋት ባለፈው ታኅሣሥ ነው። የዓመት በርበሬ ልገዛ ፍኖተ ሰላም ገበያው ጀርባ ካሉት መጋዘኖች ወደ አንዱ ገባሁ። ሴቶች መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠው የበርበሬ ጭራ ይቀነጥሳሉ። ሁሉም አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ አስረዋል፤ ሆኖም ያስላሉ። ከመካከላቸው አንዷ «መምህር!» ብላ ተጣራች። ሻሹን ዝቅ ስታደርገው እሷ ናት። ዓይኗ ቀልቷል።

ሰላምታው ረጅም ነበር። በአባቴ ሐዘን እንደ አዲስ አጽናናችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታለች፤ ጭንጫው ምን ይሰጣል፣ ብቻ ቀን ሥራው ይሻላል።

«ራስሽ ታርሚ፣ ትኮተኩቺ አልነበር?» አልኳት።

«ጉልበቴ እንቢ አለኝ» አለች፤ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ጉልበቷ አብጦ ቆዳው ጠቁሯል። «ስግደቱ ነው። አንተ ያን ቀን እውነቱን ከነገርኸን ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደግ ሽማግሌ በልቤ ሌባ ስል ኖሬ! ለንስሐ አባቴ፣ ለቄሱ፣ ነገርኳቸው። እዚያው ሰምተውህ የለ፤ 'በሐሰት ጠርጥረሻል' ብለው አርባ ቀን፣ በቀን መቶ መቶ አዘዙኝ። አንድም አላጎደልኩ። አባትህም ሳይሞቱ ደረስኩባቸው። እግራቸውን ስሜ 'ይፍቱኝ' አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና 'እግዜር ይፍታሽ' አሉኝ። አልቅሰዋል መሰለኝ። ደግ ሰው ነበሩ።»

በርበሬ ሳልገዛ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፤ ምሳ አልበላሁም። የተናገርኩት እውነት ተሠልፎ መጣብኝ፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ ብዙ ነው፣ በራሱ ይሰነጠቃል፣ የተሰበረ ፊት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በዚያ እውነት አንዲት ሴት አራት ሺህ ጊዜ መሬት ላይ ወድቃ ተነሥታለች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ቆርቆሮውን በኪሴ ይዤ መጋዘኑ በር ላይ ጠበቅኋትና ለዕረፍት ስትወጣ ወደ ጥላው ወሰድኳት። ሁለቱን ክፋዮች መዳፏ ላይ አኖርኩ። ይቺኛዋ ከደጃፋችን ድንጋይ በልጅነቴ የፈለቀቅኋት፣ ይቺኛዋ ያን ቀን ዓይንሽ እያየ ከወሰኑ የወሰድኳት ብዬ ነገርኳት። ድንጋዩ አንድ ነበር። የሰነጠቁት አባቴ ናቸው። አውቄ ነበር የተናገርኩት። የቀረውን ሁሉ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ የእንስራሽ ነገር እውነት ነበር አልኳት።

አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ዛጎሎቹን ገጠመቻቸው። ከፈተቻቸው። እንደገና ገጠመቻቸው። በበርበሬ የቀላው ጣቷ ጠባሳውን ሲዳስሰው አየሁ።

«ለቄሱ እነግራለሁ» አልኳት። «መሬት ቢሮም ቀርቤ እመሰክራለሁ። ወንድሜ ቢጣላኝም ይጣላኝ። ወንዝ ዳሩን ይመልሱልሻል።»

«መሬቱን ይመልሱልኝ ይሆናል» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ስግደቱንስ ማን ይመልስልኛል?»

እጄን ዘረጋሁ፤ ለምስክርነቱ ዛጎሎቹን ይዤ መቅረብ ነበረብኝ። አንዱን ብቻ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ሌላውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

«ይቺ እኔ ዘንድ ትሁን» አለች። «ሁለቱን አንተ ዘንድ አልተዋቸውም።»

ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አሥራ፣ ግድግዳውን ይዛ እያነከሰች፣ ወደ በርበሬው ተመለሰች።